በሩን የያዘው ሹፌር

ሰሃርላ ሲያትል አጠገብ ካለችው ቱክዊላ አውቶቡስ ስትሳፈር ሹፌሩን የምታውቀው በአንገትጌው ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ ጭቃ ቢሆን፣ ሸሚዙ አሁን ከካውያ የወጣ ይመስላል። ስሙን ጠይቃው አታውቅም። ሐበሻው ሁሉ «መርከብ ያሰጠመው ሰውዬ» ይለዋል። ባሕር ኃይል ነበር አሉ፤ ወታደር አውራጅ መርከብ ላይ። ወይ የእኛ ነገር! ሰው የጠፋበትን እንጂ ያተረፈውን አንጠይቅም።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ቬትናማዊት አሮጊት መደገፊያ ዎከሯን እየገፋች መጣች። ሹፌሩ መወጣጫውን ዘረጋላት፤ ከወንበሩም ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ናሁም የሚባለው፣ ሬድመንድ ሶፍትዌር የሚሠራው ጎረምሳ፣ ከኋላ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሚቲንግ አለብኝ እኮ! መርከቡን እንዳሰጠሙት የእኔንም ሥራ ሊያሰጥሙት ነው?»

ሰሃርላ በናሁም ፈንታ ተሸማቀቀች። ሹፌሩ ግን ፈገግ አለ።

«መርከቧስ ሰጥማለች፣ ልጄ። ስንቱን ጦር ጭና ቀይ ባሕር ላይ ተመላልሳለች። በመጨረሻ ተመታች፤ እየነደደች ወደ አሸዋው አስጠጋናት። የፊት በሯን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የጫንነው ወታደር አንድ ሳይቀር በእግሩ ወረደ። ባሕር የበላው ብረቱን ብቻ ነው።»

አሮጊቷን ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ ከዚያ ወደ ናሁም ዞረ።

«አንተም አይዞህ። ስትወርድ አንተንም በሩን ይዤ እጠብቅሃለሁ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሐበሻ በሳቅ ፈነዳ፤ ናሁም ራሱ ሳቀ። ሰሃርላን ግን ሳቅ አልበቃትም፤ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሀል እልልታዋን አቀለጠችው። ሁሉም ዞሮ አያት። ይያታ! ለእንዲህ ያለ ሰው ካልተባለ እልልታ ለማን ሊቀመጥ ነው?