ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ዛሬ ሉማሜ ላይ የአንድ ኮምፒውተር ልብስ ላስወልቅ ስል ተሸነፍኩ።

የጠሩኝ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እትዬ የሺ ናቸው። ኮምፒውተሩ በየመሀሉ እየጠፋባቸው አንዱን ደብዳቤ ሦስቴ ይጽፋሉ።

ብሄድ ሲፒዩው ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ለብሷል። የሙቀት መውጫው ሁሉ ተደፍኗል። (እኔ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ድረስ መለዋወጫ ተሸክሜ!)

«እትዬ፣ ታፍኖ ነው፤ ይኼ ይነሳ።»

«አቧራ ይብላው? ደግሞ ነፍሷን ይማረውና እህቴ የሠራችው ነው።»



ቆይተው ከመሳቢያቸው ኪሮሽ አወጡ። መቀስ ባቀብላቸው «አይቆረጥም» አሉና የጀርባውን ክር ቀስ እያሉ ይተረትሩ ጀመር።

«መተንፈሻ ልተውለት እንጂ ራቁቱንስ አላስቀምጠውም።»

የተረተሩትን ክር ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ኮምፒውተሩም እስክወጣ አልጠፋም።

እናንተስ ጋ ዳንቴል የለበሰው ምንድን ነው? የማንስ እጅ ሥራ ነው?