አምስተኛው ልዑክ

የአገር መሪ ወደ ውጭ ሲጓዙ ካጀቧቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ «ልዑክ» ይላል። ሥራዬ የማስታወሻ ያዥ ተተኪነት ነበር። ማስታወሻ ያዡ ቢታመም እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ግን በአራቱ የጉዞ ቀናት አንዴ እንኳ አላስነጠሰውም። ስለዚህ በመጨረሻው አውቶቡስ እየተሳፈርኩ፣ ተከፍቶ የማያውቅ ማህደር ታቅፌ ስዞር ሰነበትኩ። መሪውን ያየሁት አንዴ ነው፤ እሱም ጀርባቸውን፣ በአውቶቡሱ መስኮት። በሦስተኛው ቀን ሆዴን አሞኝ ከሆቴሉ ሳልወጣ ዋልኩ። ማታ ሌሎቹ ሲመለሱ የት ነበርክ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ነገሩ ያሳፍራል።

ራቤል ከተማ አጠገብ ባለች ደብር ቄስ የሆኑት አባቴ ግን ጉዞዬን በሌላ መንገድ ተረድተውት ኖሯል። በእሳቸው ዘንድ ልዑካን ማለት ቀዳሾች ናቸው፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን፣ በቃ። እኔም በልጅነቴ ዲቁና ተቀብያለሁ። በስልክ «ልዑክ ሆኜ ልሄድ ነው» ስላቸው፣ ለመሪው ሊቀድስ ነው ብለው ለአገሩ ሁሉ አውርተዋል። ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ ከአውቶቡስ ገና ከመውረዴ አንድ ሽማግሌ የፈረንጅ አገሩ ታቦት የማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

አባቴን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና ስንት ሆናችሁ ሄዳችሁ አሉ።

«ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ሁለቱ አርድእትስ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የተላኩ። እናንተ ሁላችሁም ባንድ ላይ?»

ሥራው ብዙ ነው አልኳቸው፤ ጠባቂ አለ፣ ሐኪም አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ሻንጣ ተቀባይ አለ፣ የሻንጣ ተቀባዮች አለቃ አለ። ዝርዝሩ ሲያልቅብኝ ወደ ተረት ዞርኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አልኩ። አባቴም ጺማቸውን እያሻሹ፣ ያንተ ሎሚ የትኛው ነበር ብለው ጠየቁኝ። ማህደሩን አስታወስኩ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄባቸውም ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ እናቴ ለመምጣቴ ከታረደው በግ ጥብስ አቀረበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሳ አባቴ ከደጅ እየተጣደፉ ገብተው ሳህኑን ከፊቴ አነሱት። ሦስተኛው ዲያቆን ከበቅሎ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት ተወስዷል። ምትክ ፍለጋ ሁለት ደብር ዞረው አጥተዋል። ያለ አምስት ልዑካን ደግሞ አይቀደስም፤ የነገ ቀዳሽም ከአሁን ጀምሮ ምግብ አይነካም። አባቴ ከቀሰሱ ጀምሮ በደብራቸው የእሑድ ቅዳሴ ታጉሎ አያውቅም።

እናቴ ልጁ ገና አልቀመሰም ብላ ስለ ሳህኑ ተሟገተች። እሳቸው ግን ምርመራቸውን ቀጠሉ። አዲስ አበባ ካለችው ሚስቴ የተለየሁት መቼ ነው? ቁርስ የበላሁት በስንት ሰዓት ነው? በተክሊል ሲያጋቡኝ እዚያው የነበሩት ሰው፣ ተክሊል መሆኑን ሳይቀር ደግመው ጠየቁኝ። ለሁሉም የሚያጠግብ መልስ ሰጠሁ፤ ሆዴ ብቻ ነው ያልጠገበ።

«ሁሉን ረስቼዋለሁ እኮ፣ አባ።»

«ያንተ መብራት መያዝና ቃጭል መምታት ነው። እሱንም ብትረሳ አጠገብህ ነኝ።»

ጥብሱን ጎረቤት በላው።

እሑድ ጠዋት ቤተ መቅደስ ገባሁ። የለበስኩት ልብስ ለዚያ እግሩ ለተሰበረው ዲያቆን የተሰፋ ነበርና እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። አባቴ መንበሩ ፊት ቆመው ሲያዜሙ፣ በአንድ እጄ መብራት፣ በሌላው ቃጭል ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። ኋላ ግን ዕቃ ታቅፎ መቆም ለምዶብኛልና ሐሳቤ ወደዚያ የመጨረሻ አውቶቡስ ሄደ። መብራቱም ቃጭሉም ማህደሩን መሰሉኝ።

ድንገት ዜማው ቆመ። ከውስጥ ቀዳሾቹ፣ ከመጋረጃው ውጭ ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ተራውን የረሳ መሰለኝና ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አባቴ ዓይናቸውን ከመንበሩ ሳያነሱ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

«ልዑክ፣ አንተን ነው የምንጠብቅ» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ቃጭሉን መታሁት፤ ከመጋረጃው ውጭ ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ላይ ሲሰግድ የነጠላውን ድምፅ ሰማሁ።