በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ

ልጄ መቱ ከተማ ታሪክ ያስተምራል፤ ዲያቆንም ነው። ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቹ ፈተናና ውዳሴ ማርያም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰዎች «ታሪክ የተማረ ሰው እንዴት ይጾማል?» ይሉኛል። እሱ ግን የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት እጁን ታጥቦ ያማትባል፤ ከገለጠ በኋላ «ማን አየ? የት ተጻፈ?» ይላል። ሁለቱ ተጣልተውበት አላየሁም። ተመስገን።

በቡሬ መንገድ ያለችው ደብራችን የተተከለችበት መታሰቢያ ሲቃረብ፣ ሰበካ ጉባኤው ታሪኳን እንዲጽፍ ለመነው። ታሪኳንማ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ መሬቱን የሰጡት አያቴ ናቸው። ስለዚህ በበዓል ቀን ከፊት ወንበር ይሰጠኛል፤ «የባለመሬቱ ልጅ» ይሉኛል። እኔም መናገሩን አልሰለችም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ከደብሯ ዕቃ ቤት መጻሕፍት ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። አልተቀመጠም።

ድሮ ካህናት የመሬት ስጦታን በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉ ኖሯል። እዚያ አግኝቶታል። መሬቱን የሰጠችው ባሏ የሞተባት የዚሁ አገር ኦሮሞ ሴት ናት።

«አያቴስ?»

«አሉበት። ከምስክሮቹ ሦስተኛው ናቸው።»

«ሦስተኛ!»

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። «ከእኔና ከብራና ማንን ታምናለህ?» አልሁት።

«ከሥጋ ይልቅ ሐሰት ጾም ያስገድፋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካስከፋሽ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እተወዋለሁ። አጉድዬ ግን አልጽፍም፣ እማዬ።»

ትምህርቱ ከእምነቱ እንዳይለየው ስፈራ ነበር የኖርሁት። ለካ መፍራት የነበረብኝ ለራሴ ነው።

«ሴትዮዋ ክርስትና ተነሥታ ነበር?»

«አዎ። ስመ ክርስትናዋም ተጽፏል።»

«በጸሎት ጠርተናት እናውቃለን?»

ስማቸው በጸሎት እንዲታሰብ ለቄሱ በምሰጠው ወረቀት ላይ አያቴ አሉ፣ አባቴ አለ፣ እናቴ አለች። በዚያች ሴት መሬት ላይ ልጆቻችንን አስጠምቀናል፣ ሙታናችንን ቀብረናል። ስሟን የጠራ የለም።

«ጻፍ» አልሁት።

በበዓሉ ቀን በአማርኛ አነበበው፤ ቀጥሎ በኦሮምኛ። ሕዝቡ ትንሽ አጉረመረመ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ልጅዎ ከወንበር አወረደዎት!» አሉኝ።

«ብወርድስ፣ ምንጣፉም የተነጠፈው በእሷ መሬት ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ ለቄሱ የምሰጠውን የስም ወረቀት እንዲገለብጥልኝ ለልጄ ሰጠሁት። የእሷን ስም ከአያቴ በታች ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝሁት።

«ከላይ።»

«ከአያትሽ በላይ?»

«ምስክር ከሰጪ ይቀድማል እንዴ? ደግሞ የታሪክ መምህር ነህ!»

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። እጁን ታጥቦ ተመለሰ፤ አማተበና ጻፋት።