የጉልበት መርፌ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «እትዬ ነገ» ይላታል፤ «ነገ ይደርሳል» ያለችው ልብስ በቀኑ ደርሶ ስለማያውቅ ነው። ጥፋቱ ግን የቀኝ ጉልበቷ ነበር። የስፌት መኪናውን መርገጫ ጥቂት እንደረገጠች ይንቋቋል፣ ከዚያ ያብጣል። ቅባት ሞከረች፣ አልረዳትም፤ ክኒኑ ደግሞ ጨጓራዋን ላጣት።

ሐኪሙ ጉልበት ውስጥ የሚሰጥ አዲስ መርፌ እየተሞከረ መሆኑን ነገራት። «ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ ጨው ውሃ ይወጋል። ለማን የትኛው እንደደረሰ እኔም አላውቅም» አላት። ተስማማች። ባሏ ግን ፍርሃቷን አይቶ፣ «ዕድሜሽን ሙሉ መርፌ ይዘሽ መርፌ ትፈሪያለሽ?» ብሎ ሳቀባት።

ተወግታ ሰንበት ስትል ሕመሙ ጋብ አለላት። ደረጃውን ግድግዳ ሳትደገፍ ወጣች፤ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከቀጠሮው ቀድማ አስረከበች። ላገኘችው ሁሉ «ዋናው መድኃኒት ነው የደረሰኝ!» ትል ነበር።

ሙከራው ሲያበቃ ጠሯት። «የእርስዎ ጨው ውሃው ነበር» አላት ሐኪሙ።

እቤት ገብታ ስትናገር ሴት ልጇ፣ «ታዲያ እማዬ፣ ሕመሙስ የእውነት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ያ ሁሉ እብጠት የጎረቤት ነበር እንዴ?» ብላ ጮኸችባት። እራት ሳትበላ ተኛች።

ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ተመለሰ። እያነከሰች ሄዳ፣ «ዶክተር፣ ያንኑ ጨው ውሃ ይውጉኝ» አለች።

«አልችልም። መድኃኒት ነው ብዬ ውሃ ልሰጥዎት?»

«እንግዲያው መድኃኒቱን ይስጡኝ!»

«እሱም ከውሃው አልተሻለም፤ በሁለቱም እኩል ነው ለሰው የቀለለው። ሕመምዎ ግን ውሸት አይደለም፤ የጉልበትዎ የራጅ ፎቶ ላይ የተበላው አጥንት ይታያል።»

«ታዲያ ምን ተሻለኝ?»

ጭኗን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳያት። እሷ የፈለገችው ግን መርፌውን ነበር፤ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

አሁን በሥራዋ መሃል ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እግሯን ዘርግታ ታነሳለች፣ እያጉረመረመች ታወርዳለች። አንዳንድ ቀን ይቀላታል፣ አንዳንድ ቀን ይብስባታል። መርገጫውን በግራ እግሯ መርገጥ ብትለምድም ስፌቱ ይጣመምባታል፤ ፈትታ እንደገና ትሰፋለች። ከሁሉም የሚያናድዳት ግን የምትቆጣው ሰው ማጣቷ ነው፤ ሐኪሙ ከመጀመሪያውም አልዋሻትም።