ሜትር የሰፋው የዋና ልብስ

ሰውየው ስም አጥቶ አይደለም፤ አንገቱ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ሳያንጠለጥል ታይቶ ስለማያውቅ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ «ሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ የትከሻውንና የወገቡን ልክ በዓይኑ ወስዶ ያበቃል። በልክ ተሳስቶ አያውቅም። ጉራ ላይ ግን እንደ ማናችንም ነው፤ አንዳንዴም ይብሳል።

ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ የቆራጮች አለቃ ሊያደርገው ሲጠራው፣ ልጆቹ ድሮ ጎጆ ወጥተዋልና መፍቀድ የነበረባት ሚስቱ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ደንበኞቿንና የደንበኞቿን ወሬ ጥላ የትም መሄድ አልፈለገችም። ሜትር ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው አንድ ነገር ከአፉ አመለጠው። ሐይቁ ደጃችን ነው፣ ዋና አስተምርሻለሁ አላት።

ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ውስጥ መግባት ያምራታል። እሱም ካጫት ጊዜ ጀምሮ የአገሩን ወንዝ እየሰነጠቀ እንዴት እንደሚሻገር ሲተርክላት ኖሯል። እሺ አለች። ቢሆንም ሞኝ አይደለችምና ካስኳን፣ ያንን ደንበኞቿን ሥሩ አስቀምጣ ጸጉራቸውን የምታደርቅበትን ትልቅ ማሽን፣ እህቷ ቤት ትታው ሄደች። ከተማው ካልተስማማኝ መመለሻዬ ነው አለች።

እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ፤ ሜትር ዋና አይችልም። የወንዙ ታሪክ የታላቅ ወንድሙ ነው። እሱ ዳር ተቀምጦ የዋናተኞቹን ልብስ ነበር የሚጠብቀው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን እንዴት ያሉ ነበሩ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገት ብቅ ሲያደርጉ ሐይቁ ይታያል። በእረፍት ቀን የጫማቸውን ክር አጥብቀው ዳር ዳሩን ይዞራሉ። ብስክሌትም ተከራይተው እሷ ቁልቁለቱን ለቀቀችውና ከነብስክሌቷ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች፤ ከጸጉሯ ላይ ቅጠል እየለቀመች ሳቀች፤ ተነሥታም እንደገና ወጣችበት። እሱ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። በሃምሳ ምናምን ዓመቱ እንደ ተማሪ እረፍት ቀን የሚናፍቅ ሰው ሆነ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሐይቁ ውስጥ ናት፤ ሲያልፉ ካያቻቸው ከውሃው መሀል እጇን ታውለበልብላቸዋለች። ሚስቱ ያኔ በክርኗ ጎሸም ታደርገውና «መቼ ነው?» ትለዋለች።

አንድ ቀን ማምለጫ ሲያጣ መጀመሪያ የዋና ልብስ ልስፋልሽ አላት። ጥቁር ሰማያዊ የሚለጠጥ ጨርቅ ገዛ፣ ለካት፣ ቆረጠ፣ ሰፋ። ለበሰችው። አብሯት የተወለደ ነው የሚመስለው። እሷ መስተዋት ፊት ስትሽከረከር እሱ ጨነቀው፤ ከዚህ በኋላ ሰበብ የለውማ። «ወገቡ ጋ ትንሽ ያዘሽ» ብሎ አስወለቃት። ማፍረሱን እጁ እምቢ ቢለው ጨርቆቹ ሥር ሸሸገውና ሌላ ሰፋ። ሁለተኛው ትከሻው ሰፋ አለ። ሦስተኛው ጀርባው አልተኛም። ቀን ፋብሪካ ውስጥ ቁልል ጨርቅ ክር ታህል ሳያዛንፍ የሚቆርጥ ሰው፣ ማታ የገዛ ሚስቱን ልክ አላውቅ አለ።

ነገሩ ከነከናት። በልክ የማይሳሳት ባሏ ሦስት ጊዜ ሲሳሳት ምን ትበል? ሰውነቷን በመስተዋት አየች፣ የእግር ጉዞውንም ተወችው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሜትር ዳቦ ይዞ ሲገባ ስልክ ላይ አገኛት። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ከእህቷ ጋር ታወራለች።

«ካስኩን እንዳትሸጪብኝ፣ መምጣቴ ነው» አለች። «አርጅቼበታለሁ መሰለኝ። በዋና ልብስ ሰው ፊት እንድታይለት አይፈልግም።»

ሜትር ዳቦውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ጉራው የሚያዋርደው እሱን ብቻ መስሎት ነበር እንጂ እሷ ራሷን ትጠላለች ብሎ በሕልሙም አላሰበ። ገብቶ ጨርቆቹን በረበረና የመጀመሪያውን ልብስ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረው። ለብሰሽው ነይ፣ ሐይቁ ጋ ነኝ ብሏት ደረጃውን ወረደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች፤ ከላይ ቀሚስ ደርባለች። ሜትር ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ያ መለኪያ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው።

«ልብሱ ከመጀመሪያውም ልክሽ ነበር» አላት። «ዋና የማልችለው እኔ ነኝ። እስከዚህም የገባሁት ገና ዛሬ ነው።»

«ወንዙስ?»

«የጋሼ ነው።»

«አንተስ ምን ታደርግ ነበር?»

«ልብስ እጠብቃለሁ።»

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ስትደነቅለት መኖሯ አንገበገባት። ከዚያ ያ ሁሉ ስፌትና ያ ሁሉ ሰበብ በዓይኗ ላይ ዞረ፤ አሸዋው ላይ ዝርፍጥ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ዕለት ማታም ልትዋኝ የወረደችው አዋላጅ ሳቋን ሰምታ መጣች። ታሪኩን ሲነግሯት ፎጣዋን አስቀምጣ ቀሚሴን ያዙልኝ አለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከውሃ ሳወጣ ኖሬ፣ ሁለት ሰው ውሃ ማስገባት ያቅተኛል እንዴ ልጆቼ?»

አላቃታትም፤ ቢያንስ በአንደኛዋ። ሚስቱ ብዙም ሳትቆይ በጀርባዋ ተንሳፈፈች፤ ከዚያ በኋላ ከውሃው የሚያስወጣት ጠፋ። ሜትር ግን እንደ ድንጋይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ አገጩን በመዳፏ ደግፋ ይዛው ትቆማለች፤ እሱ እግሩን ያንቦጫርቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ በማግስቱም ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው።

እህቷ መቼ ነው የምትመጪው ብላ የደወለች ዕለት ሁለቱም ጸጉራቸው እንደራሰ ወጥ ቤት ቆመው ዳቦ ይበሉ ነበር።

«ካስኩን ላኪልኝ፣ እዚሁ ልከፍት ነው» አለቻት ሚስትየው። «መምጣትማ እንዴት ብዬ? ሰውዬው ገና አልተንሳፈፈም፤ ብለቀው ይሰምጥብኛል።»