ሚዜዬ የፈታብኝ ፓምፕ

ዛሬ የጨንቻ ዳገት ላይ ቮልሴ ቤንዚን እየተፋች ቆመችብኝ።

መካኒኬ የሰርጌ ሚዜ ነው። ባለፈው ሳምንት "የቤንዚን ፓምፕህ ሞቷል" ብሎ ሌላ ቀየረልኝ። ስደውልለት በራሱ ቮልስ ከአርባ ምንጭ እየበረረ መጣ።

"ካርቡራተርህ አርጅቷል ወንድሜ። ጤነኛው እንዲህ ነው" ብሎ የራሱን ሞተር ከፍቶ አሳየኝ።

ባለቤቴ እንዳይቀየርብን ብላ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደረገችበት ፓምፔ እዚያ ቁጭ ብሏል! (ቀለሙን እንኳ አላስለቀቀም።)

ሚዜዬ ላብ በላብ ሆነ። ለእኔ የገጠመው ካርቡራተር የሌለው የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ መሆኑን አመነ። ግፊቱ ለካርቡራተር ስለሚበዛ ነው በቤንዚን ያጥለቀለቀው።

የራሴን ፓምፕ እዚያው አስመለስኩት። የቤንዚኑ መፍሰስ ቀጥ አለ፤ ቮልሴ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። እሱን ከነኢንጀክሽን ፓምፑ ዳገቱ ላይ ትቼው ሄድኩ።

ሳገባ ጎኔ የቆመ ሰው ነው እንግዲህ። የእናንተስ ሚዜ ምን ፈታባችሁ?