የዛጎል ቁልፍ

በስደት የምንኖርበት ፓርክዴል ሰፈር ካለው የአሮጌ ልብስ መደብር ከልጄ ጋር ገብቼ አንድ ሸሚዝ አነሳሁ። የዛጎል ቁልፎቹ ጣቴን አቀዘቀዙት።

ምጽዋ ሳለን የሆነ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አያቴ በወጣትነታቸው ለአንድ ጣሊያን ነጋዴ ባሕር እየጠለቁ ለልብስ ቁልፍ የሚሆን ዛጎል ያወጡ ነበር፤ ጆሯቸውን ያደነቆረውም መጥለቁ ነው። ሸሚዛቸው ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ልሰፋላቸው መርፌ ይዤ ስቀርብ እጄን ገፉት።

«ወንድሜን ደረቴ ላይ አትስፊብኝ!» አሉ።

ያበዱ መስሎኝ ሸሸሁ።

ምክንያቱን እናቴ የነገረችኝ አያቴ ከሞቱ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድማቸው እንደጠለቀ ሞቶ ሲወጣ፣ ነጋዴው ሬሳውን ጀልባው ላይ አስተኝቶ የቀሩትን ጠላቂዎች እስኪመሽ አሠራቸው።

ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ማሚ፣ ብራዘራቸው ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

አላውቀውም። የሚያውቀውም ሰው አልቀረም።